ሆስታውን ተዉት

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ቤት የገዛ ሐበሻ ሆስታን በዓይን ያውቀዋል፤ በስም የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ከቤቱ ጋር አብሮ የተገዛ፣ የቀድሞው ባለቤት ከዛፉ ሥር ወይም ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ጥግ ትቶት የሄደ፣ ቅጠለ ሰፊ ተክል ነው። በሚያዝያ ሹል ሹል ቡቃያውን ያወጣል፣ በሐምሌ ነጭ ወይም ሐምራዊ ያብባል፣ በጥቅምት ቢጫ ሆኖ ይወድቃል፣ የበረዶውን ወራት ከአፈር በታች ተኝቶ ያሳልፋል። ብዙ ሰው ውኃ እንኳ አያጠጣውም። ጽጌረዳ እንዲህ ቢደረግባት ባለቤቷን በአንድ ወር ታሳፍረው ነበር፤ ሆስታ ዝም ስለሚል ብቻ ከቁጥር አይገባም።

አገሩ ጃፓን፣ ኮሪያና ቻይና ነው። አውሮፓውያን በደንብ የተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1829 ከጃፓን በተባረረው ጀርመናዊ ሐኪም በፎን ዚቦልት በኩል ሲሆን፣ ሰውዬው ከአገር ሲወጣ እጽዋቱን ወደ ሆላንድ ይዞ ሄዷል። አሜሪካኖቹ በ1968 የራሱን ማኅበር አቋቁመውለታል። ዛሬ በስም የተመዘገቡት ዝርያዎች በሺዎች ይቆጠራሉ፤ «ኢምፕረስ ዉ» የተባለችው ከአንድ ሜትር በላይ ትቆማለች፣ «ብሉ ማውስ ኢርስ» ከስንዝር እምብዛም አታልፍም። ሰማያዊ የሚመስሉት ቅጠላቸው አረንጓዴ ነው፤ ሰማያዊ የሚያስመስለው ላዩን የሸፈነው ሰም መሰል ዱቄት ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቅጠሉን በጣት የሚያሻሽ ሰው ሰሙን እየጠረገው መሆኑን ይወቅ። ጥላን በተመለከተ ደግሞ፣ ጥላ ይችላል እንጂ ጨለማ አይወድም። የጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከሰዓት በኋላ ከተጋረደለት ይበቃዋል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ባለፈው ነሐሴ አንዲት ወጣት ጎረቤቴን አካፋ ይዛ አገኘኋት። በረንዳዋ ሥር ያለው ሆስታ እንኳን እሷን እኔንም የሚያስቀና ነበር።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ አምስት ዓመት ሞላው እኮ። መከፈል አለበት ብለውኛል።»

ማን እንዳላት ብጠይቃት አላስታወሰችም። ሁሉም ሰው የሚለው ነገር ነው፤ ሁሉም ስለሚለው ደግሞ ማንም አይጠይቀውም። ሆስታ ግን የመከፈያ ቀጠሮ የለውም። ወሬው የመጣው ከሌሎች አበቦች ይመስለኛል። አይሪስ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ውስጥ መካከሉ እያረጀ አበባው እየቀነሰ ስለሚሄድ መከፈል ይፈልጋል። የአይሪስን ሕግ ወስዶ በሆስታ ላይ መጫን ግን የጎረቤትን መድኃኒት ሳይጠይቁ መዋጥ ነው። ሆስታ በየዓመቱ በዳር በዳሩ አዳዲስ ቡቃያ እየጨመረ ይሰፋል፤ መካከሉም አብዛኛውን ጊዜ ሕያው ሆኖ ይቆያል። አርጅቶ መካከሉ የሚሞት አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ያን ጊዜ መክፈሉ ተገቢ ነው። ከዚያ ውጭ ግን አሥርና ሃያ ዓመት ማንም ሳይነካው በአንድ ቦታ እያማረበት የሚኖር ተክል ነው።

ጉዳዩ አለመፈለጉ ብቻ አይደለም፤ መክፈሉ የሚያስከፍለው ዋጋም አለ። ትልልቆቹ ዝርያዎች ትክክለኛ መልካቸውን ለመያዝ አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ስምንት ዓመት ይፈጅባቸዋል። የልጅነቱ ቅጠልና የአዋቂነቱ ቅጠል አንድ አይደሉም። ልጁ ጠባብና ለስላሳ ነው፤ አዋቂው ይከብዳል፣ ደም ሥሮቹ ይበዛሉ፣ ስፋቱ ርዝመቱን ሊደርስ ይቃረባል፣ በአንዳንዶቹም ላይ ገጹ ይጨማደዳል፣ ይጎደጉዳል። ያ ጭምድድ ነው ሰው በሥዕል አይቶ ገንዘብ የሚያወጣበት። ተክሉን ነቅለው ትንንሽ አድርገው በከፈሉት ቁጥር ወደ ልጅነቱ ይመለሳል፣ እንደገና ከሀ ይጀምራል። በየአራት ዓመቱ የሚከፍል ሰው እንግዲህ የራሱን ሆስታ አይቶት አያውቅም። ያየው ሁልጊዜ ልጁን ነው።

ጎረቤቴ አካፋውን መልሳለች።

ታዲያ መቼ ይከፈል? ለሰው መስጠት ሲፈለግ፣ አንደኛ። ቤት ሲቀየር ወይም ግንበኛ ሲገባ፣ ሁለተኛ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ ሆስታው ዓመት በዓመት ማደጉን ትቶ ማነስ ሲጀምር ነው። ይህ የእርጅና ምልክት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የዛፍ ሥር ወሮታል ማለት ነው፣ በተለይ ሜፕል አጠገብ ከሆነ። የሜፕል ቀጫጭን ሥር ከላይ ከላይ ስለሚሄድ የሆስታውን ሥር ጠላልፎ ውኃውን ይነጥቀዋል። እዚያው መልሶ መትከል ድካም ነው፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዛፉ ተመልሶ ይመጣል። ከኦክ ዛፍ ሥር ቢሆን ግን ሁለቱም ተቻችለው ይኖራሉ።

ወቅቱን በሚመለከት መጻሕፍት ጸደይን ይመክራሉ፤ ቡቃያው ብቅ ሲል የት የት እንዳለ ስለሚታይ ለእጅ ይመቻል። እኔ ከቡሄ እስከ እንቁጣጣሽ ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ። በጸደይ ተክሉ አስቀድሞ ቅጠሉን ይዘረጋል፣ አዲስ ሥር የሚያበዛው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ያኔ የተከፈለው ሥሩ ሳይጠና የሰኔ ሙቀት ይደርስበታል። በነሐሴ መጨረሻ ግን አፈሩ ገና ሞቃት ነው፣ ሌሊቱ መቀዝቀዝ ጀምሯል፣ በእኛ አካባቢ የመጀመሪያው ውርጭ እስኪመጣ ስድስት ሳምንት ያህል ይቀራል። ሥር የሚይዝበት ጊዜ ይህ ነው። ሚኒሶታ ያላችሁ ቡሄን አትጠብቁ፤ ብርዱ ቀድሞ ይደርስባችኋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በዋዜማው በደንብ ይጠጣ። ቅጠሉን በገመድ ሰብስቦ ማሰር፣ ከተክሉ ራቅ ብሎ ዙሪያውን መቆፈር፣ ከነአፈሩ ማንሳት። ከዚያ በጎማ ውኃ አጥቦ አፈሩን ማራገፍ፤ ይህን የሚዘል ሰው ምን እንደሚቆርጥ ሳያይ ነው የሚቆርጠው። ሥሩ ሲጸዳ ብዙውን ጊዜ በእጅ ሲጎትቱት ራሱ ይለያያል። እምቢ ካለ የዳቦ ቢላዋ ይበቃል። እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ቡቃያና የራሱ ሥር ይኑረው፤ ሦስት አራት ቡቃያ ቢኖረው ደግሞ ቶሎ ይነሣል። በእንሰት አገር ያደገ ሰው እዚህ ላይ እንዳይሳሳት። እንሰት መካከለኛው ቡቃያው ወጥቶ ሲቀበር ብዙ ልጆች ያወጣል፤ ቡቃያ የሌለው የሆስታ ሥር ግን ቢቀበር ይበሰብሳል እንጂ አይወልድም። ቀድሞ በነበረበት ጥልቀት ተክሎ ማጠጣት፣ ማዳበሪያውን ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየት። ይኸው ነው።

ቢላዋውን ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቀውም። ሆስታ ቫይረስ ኤክስ የሚባል በሽታ አለ፤ ተለይቶ የታወቀው በ1996 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከተክል ወደ ተክል የሚሄደው በጭማቂው አማካይነት ስለሆነ አመላላሹ ቢላዋ፣ መቀስ፣ የሣር ማጨጃና የሰው እጅ ነው። መድኃኒት የለውም። ምልክቱ በቢጫው ቅጠል ላይ አረንጓዴው ከደም ሥሩ ተነሥቶ እንደ ፈሰሰ ቀለም መዛመቱ ነው፤ እስኪታይ ግን ወራት፣ አንዳንዴ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። የሚገርመው፣ በሽታው በደንብ ሳይታወቅ በፊት ያን ዝንጉርጉር አይተው አዲስ ዝርያ ያገኙ የመሰላቸው ነበሩ። «ብሬክዳንስ»፣ «ሌፐርድ ፍሮግ»፣ «ሉናሲ» የሚል ስም ወጥቶላቸው ለገበያ ቀርበዋል። ሰዉ ከፍሎ የገዛው ሕመም ነበር። ከዚያ እቤቱ ወስዶ ከጤነኞቹ መሐል ተከለው፣ በአንድ ቢላዋም ሁሉንም ከፋፈለ።

ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ሆስታ ስትሸጋገሩ ቢላዋውን በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ ንከሩት። እጃችሁንም ታጠቡ። «አንድ ደቂቃ ነው፣ ምን ያመጣል» የሚል ሰው ከእኔ ግቢ ቁራጭ አያገኝም፤ የእሱንም አልቀበልም። የታመመው ከነሥሩ ወጥቶ በላስቲክ ታስሮ ወደ ቆሻሻ ይሂድ፤ ብስባሽ ውስጥ አይጨመርም።

ወደ አዲስ አበባ በሻንጣ ልውሰድ የሚሉኝም አሉ። ተክል ያለ ጤና ማረጋገጫ ድንበር ማሻገር ክልክል መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ሆስታ ለሳምንታት የሚዘልቅ ብርቱ ብርድ ተኝቶ ካላሳለፈ በየዓመቱ እየደከመ ይሄዳል። የአዲስ አበባ ውርጭ ለሌሊት ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች። እዚያ ላሉ ዘመዶቻችሁ ሌላ ስጦታ ፈልጉ። እዚህ ላለ ወዳጅ ስትሰጡ ደግሞ ቁራጩን መጀመሪያ በማሰሮ ተክላችሁ አንድ ዓመት እናንተው ጋ ይቆይ። በጸደይ የሚያወጣውን ቅጠል አይታችሁ፣ ቀለሙ ያልፈሰሰ ከሆነ፣ የዝርያውን ስም ጽፋችሁ ከነማሰሮው ስጡት።