ነባር የነዳጅ መስኮችን መልሶ ማልማት፦ ከከርሰ ምድሩ ሀብት ባሻገር የኩባንያው አቅም

የነዳጅ ፍለጋ ኢንቨስትመንት ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠየቀው ነዳጁ መኖር አለመኖሩ ነው። ሀዋሳ የቀድሞው የደቡብ ብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ በነበረችበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ታሎው ኦይል የተባለው ኩባንያ ደቡብ ኦሞ በተሰኘው የፍለጋ ብሎክ አራት ጉድጓዶች ቢቆፍርም ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ አለመገኘቱ ይታወሳል።

ቀደም ሲል የተቆፈሩ መስኮችን መልሶ የማልማት ሥራ ከዚህ ይለያል። ሀብቱ መኖሩ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ኩባንያው ነባር መረጃዎችን በአዲስ ቴክኖሎጂ ይመረምራል፣ አሮጌ ጉድጓዶችን ይጠግናል፣ እንደ አስፈላጊነቱም ተጨማሪ ይቆፍራል። በመሆኑም ዋነኛው ሥጋት ከከርሰ ምድር ወደ ገንዘብ አቅርቦትና ወደ ገበያ መውጫ መንገድ ይሸጋገራል።

የካዛክስታን ተሞክሮ ለዚህ አስረጂ ነው። ሃሪኬን ሃይድሮካርቦንስ የተባለው አነስተኛ የካናዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 በሶቪየት ዘመን የተገኘውን የኩምኮል መስክ የያዘውን ድርጅት ከመንግሥት ገዛ። ነዳጅ በእጁ እያለ በ1999 ዕዳውን መክፈል ተስኖት ከአበዳሪዎቹ የሕግ ከለላ ለመጠየቅ ተገደደ። አገግሞ ስሙን ወደ ፔትሮካዛክስታን ከቀየረ በኋላ በ2005 በቻይናው ብሔራዊ የነዳጅ ኮርፖሬሽን በ4 ነጥብ 18 ቢሊዮን ዶላር ተገዝቷል።

በአገራችን ተመሳሳይ ታሪክ ያላቸው በሶማሌ ክልል የሚገኙት የካሉብና የሂላላ መስኮች ናቸው። የተፈጥሮ ጋዙን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያገኘው የአሜሪካው ቴኔኮ ሲሆን፣ በደርግ ዘመን ከአገር ከወጣ በኋላ የሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች በ1980ዎቹ ተጨማሪ ጉድጓዶችን ቆፍረዋል።

ከዚያ ወዲህ መስኮቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ቆይተዋል። የማሌዢያው ፔትሮናስ በ2007 ተረክቦ በ2010 መውጣቱን አስታወቀ። በ2011 የተተካው ፔትሮትራንስ ውሉ በማግሥቱ ዓመት ተሰረዘበት። ፖሊ ጂሲኤል በ2013 የምርት ክፍፍል ስምምነት ፈርሞ በ2018 የድፍድፍ ነዳጅ የሙከራ ምርት ቢጀመርም፣ የማዕድን ሚኒስቴር በ2022 ውሉን አቋርጧል። በዚያው ዓመት በአንድ የአሜሪካ ኩባንያ የተካሄደ ጥናት በአካባቢው 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ የተፈጥሮ ጋዝ መኖሩን አረጋግጧል። ስለዚህ ለመዘግየቱ ምክንያቱ የሀብት እጥረት አልነበረም።

ጥቅምት 2 ቀን 2025 በጎልደን ኮንኮርድ ግሩፕ የተገነባው የካሉብ ፈሳሽ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም ይዞ ተመርቋል። በዕለቱ በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ለማምረት ለታቀደው የማዳበሪያ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። ፋብሪካው ጋዙን ከእነዚሁ መስኮች እንዲያገኝ በመታቀዱ፣ የሥራው መፋጠንም ሆነ መዘግየት ሲዳማን ጨምሮ ማዳበሪያ የሚጠቀሙ አርሶ አደሮችን ሁሉ የሚነካ ነው።

ጋዙ ከተገኘ እስከ ምረቃው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ መቆጠሩ ለፈቃድ ሰጪና ለተቆጣጣሪ አካላት ግልጽ ትምህርት ይሰጣል። ውል ከመፈረሙ በፊት የኩባንያው የገንዘብ ምንጭ በማስረጃ መረጋገጥ፣ ሥራው በጊዜ በተወሰኑ ምዕራፎች መከፋፈል፣ ምርቱ ለገበያ የሚደርስበት መንገድ አስቀድሞ መታወቅ ይኖርበታል። ግዴታውን ያልተወጣ ኩባንያ መስኩን ይዞ እንዳይቆይ የሚያደርግ አንቀጽም በውሉ ሊካተት ይገባል። የከርሰ ምድር ሀብት በመዘግየት አይጠፋም፤ ሥራ ሳይሠራበት ያለፈው ዘመን ግን ተመልሶ አይገኝም።