ከፒያኖ የተሠራ ባሕር

ከአትላንታ ተነስቶ በአይ-20 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል የነዳ ሰው ኮንየርስ ይደርሳል። ከተማዋ የምትታወቀው በፈረስ ነው፤ የ1996ቱ ኦሎምፒክ የፈረስ ግልቢያ ውድድር የተካሄደው እዚሁ ነበር። ባሕር ግን የለም። የአሜሪካዋ ጆርጂያ ወደብ ሳቫና ለመድረስ ገና ሰዓታት መንዳት ያስፈልጋል። ታዲያ ከባሕር በራቀው በዚህ የአትላንታ አካባቢ ነው መርከብን ከሐሳቡ ያላወጣ ሠዓሊ ያደገው፦ ራድክሊፍ ቤይሊ።

ቤይሊ በ1968 እ.ኤ.አ. በኒው ጀርሲ ተወለደ፤ በልጅነቱ አትላንታ መጣ፤ ሥነ ጥበብም እዚያው ተማረ። ቀለም ብቻ አይበቃውም ነበር። የቤተሰቡ የጥንት ፎቶግራፎች፣ የአፍሪካ ቅርጻ ቅርጾች፣ ትንንሽ የመርከብ ሞዴሎች፣ ያገለገሉ ዕቃዎች፣ ሁሉም በሥራዎቹ ውስጥ ቦታ አላቸው።

ከሁሉም የሚልቀው፣ በእኔ ዕይታ፣ በ2011 በአትላንታው ሃይ ሙዚየም የታየው «ዊንድዋርድ ኮስት» ነው። ስሙ ባሮች የተጫኑበት የምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ስም ነው። ከአሮጌ ፒያኖዎች የተነቀሉ እጅግ ብዙ ቁልፎች ወለሉ ላይ እየተቆለሉና እየተዘበራረቁ ማዕበል ይሆናሉ። ከመካከላቸው አንድ ጥቁር የሚያብለጨልጭ የሰው ራስ ብቅ ብሏል። እየሰጠመ ይሁን እየወጣ አይለይም። ጥቁሩ ብልጭልጭ መጀመሪያ ጌጥ ይመስላል፤ ቆይቶ ሲያዩት ግን ከውኃ የወጣ ገላ ነው።

ለምን ፒያኖ? የድሮ ፒያኖ ነጭ ቁልፍ የሚለበጠው በዝሆን ጥርስ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው ጥርስ ከምሥራቅ አፍሪካ መሐል አገር በሰው ትከሻ ተጭኖ ወደ ዛንዚባር ይወርድ ነበር፤ ከተሸካሚዎቹም መካከል ባሮች ነበሩ። ከዚያ በመርከብ አሜሪካ ደርሶ የኮኔቲከት ፋብሪካዎች ቁልፍ ያደርጉት ነበር። በሳሎን ውስጥ የሚንቆረቆረው ዜማ መነሻው ይህ ጉዞ ነው። እኛም ከዚህ ንግድ ርቀን አልነበርንም፤ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የወጣ የዝሆን ጥርስ ምጽዋ ድረስ ይጓዝ ነበር፣ ባሮችም እንዲሁ።

ጆርጂያም ንጹሕ አይደለችም። ባሪያ ማስገባት በሕግ ከተከለከለ ሃምሳ ዓመት አልፎ፣ በ1858 «ዋንደረር» የተባለችው መርከብ ከአራት መቶ በላይ አፍሪካውያንን በድብቅ ጄኪል ደሴት አራግፋለች።

ቤይሊ በ2019 በኢስታንቡል ቢየናሌ ከእንጨት ያቆመው «ኖሞ» ደግሞ የመርከብ ቅርጽ ያለው ነው፤ ስሙን የወሰደው በዶጎን ሕዝብ እምነት ውስጥ ካሉት የውኃ መናፍስት ነው። ሠዓሊው በ2023 ኅዳር አረፈ።

በዚያው ዓመት ግንቦት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አትላንታ መብረር ጀምሮ ነበር። በአትላንታው አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ «ሴንትስ» የሚባል የቤይሊ ሥራ አለ፤ የሻንጣው ጉዳይ ካላጣደፋችሁ ፈልጉት።