የፎቶው ጀርባ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ከሴቻ ወርደው ሲቀላ ወዳለችው ፎቶ ቤቴ መጡ። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፎቶ ፈትተው "ልጄ፣ ይቺን አድስልኝ" አሉኝ። ባለ ቀለም ነው፣ በደርግ ጊዜ የተነሳ። ሰማያዊው ለቆ ሁሉም ነገር ቀይ ለብሷል፤ የባለቤታቸው ፊት ከኋላው ካለው ግድግዳ ጋር ሊመሳሰል ትንሽ ነው የቀረው። እንደ ልማዴ ገለበጥኩት። ሐምራዊ ማኅተም አለበት፦ የፎቶ ቤቱ ስም፣ አርባ ምንጭ የሚል አድራሻ፣ ከሥሩ በእጅ የተጻፈ ቀን።

ሰሞኑን በፊልም ማንሳት የጀመሩ ወጣቶች ይመጡብኛል፤ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ ካሜራ ነው። ያለ ባትሪ የሚተኩስ ይሁን እላቸዋለሁ። የዜኒት ኢ ብርሃን መለኪያ ራሱ ባትሪ አይፈልግም፤ ፔንታክስ ኬ1000 ባትሪ የሚጠይቀው ለመለኪያው ብቻ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሌንሱን ፈትታችሁ በስልክ መብራት ውስጡን እዩት። በሁለት ሐይቅ መካከል ለምንኖር ሰዎች የሌንስ ጠላት ሻጋታ ነው፤ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ከጠርዙ ይጀምራል።

ሌላው ጠላት መንገዱ ነው። ጠዋት ዶርዜ ላይ ጉም ውስጥ ስትሠሩ ቆይታችሁ ቀትር ላይ አርባ ምንጭ ስትደርሱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዳችኋል። የቀዘቀዘውን ካሜራ ወዲያው ካወጣችሁት ሌንሱም ፊልሙም ላይ ላብ ይቀመጣል። እዚያው ሳላችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ እሰሩት፤ ቤት ከደረሳችሁም በኋላ ሙቀቱን እስኪለምድ አትፍቱት።

ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚታጠበው በ20 ዲግሪ ነው፤ በበጋ የቧንቧችን ውሃ እዚያ ድረስ አይቀዘቅዝም። በ20 ዲግሪ 10 ደቂቃ የሚፈልግ ፊልም በ24 ዲግሪ 7 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ሰዓቱ ከ5 ደቂቃ በታች ከወረደ ዴቨሎፐሩን በውሃ አቅጥኑት እንጂ አትቸኩሉ፣ ፊልሙ ዝንጉርጉር ይሆናል። ዴቨሎፐሩን በበረዶ አቀዝቅዛችሁ ፊልሙን በሞቀ ውሃ ብታለቀልቁትም ቆዳው ይሰነጣጠቃል። ሁሉም ውሃ እኩል ይሁን።

አሁን ወደ ማኅተሙ ልመለስ፤ ወጣቶቹ የማይጠይቁኝ እሱን ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ጥበቃ የሚሰጠው ፎቶው የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም፣ ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ ሲይዝ ነው። የገቢው መብት የሚቆየው ደግሞ ፎቶው ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ 25 ዓመት ነው። ስም ከሌለው በምን ትከራከራላችሁ? ቀን ከሌለውስ 25ቱን ዓመት ከየት ትቆጥራላችሁ? የድሮዎቹ ባለ ፎቶ ቤቶች ያችን ማኅተም የሚመቱት ደንበኛ እንዲመለስ ብለው ነበር፤ ዛሬ ግን የመብታችን ማስረጃ እሷ ናት። በ2011 ዓ.ም. መስከረም የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ወጣቱን ከበቀል ሲመልሱ የሚያሳየው ምስል በየስልኩ ዞሯል። ለእኔ በደረሱኝ ላይ የአንሺው ስም አልነበረም። ያ ያንገበግበኛል።

አጻጻፉም ዘዴ አለው። በእስክሪብቶ ተጭናችሁ ከጻፋችሁ መስመሩ በፊት በኩል ያብጣል። ፕላስቲክ በተቀባ ወረቀት ላይ እርሳስ አይዝም፤ ማኅተሙም ቶሎ ስለማይደርቅ ሳይደርቅ ከደረደራችሁት የላይኛው ጀርባ በታችኛው ፊት ላይ ይታተማል። ጠርዝ ላይ ምቱት፣ አንድ ሌሊት ይደር።

መብቱ የእናንተ ብቻም አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ መስቀልንም፣ ማባዛትንም፣ መሸጥንም ይከለክላል። በአደባባይ የተደረገ በዓልና ሕዝብን የሚመለከት ክስተት በአንቀጽ 28 ይፈቀዳል፤ የመስቀል ጭፈራን ማንሳት ይህ ነው። አንድ ሸማኔ በገዛ ቤቱ መወርወሪያ ሲወረውር ግን አደባባይ አይደለም። እኔ ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ፎቶ አትሜ መስኮቴ ላይ ሰቅዬ ነበር። በጣም የምወደው ሥራ ነበር፤ ለነጩ ጋቢ ሳይሆን ለፊቱ ለክቼ ያነሳሁት፣ የእጁ ጅማት ሁሉ የሚታይ። ልጁ ገበያ መጥታ አየችውና ከመንገዱ ማዶ ቆማ አለቀሰች። አባቷ ካረፉ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበር። አውርጄ ሰጠኋት፤ ፈቃዱን ግን የምጠይቀው ሰው አልነበረም።

የሴቻዋን እናት ፎቶ በካሜራ ገልብጬ በጥቁርና ነጭ አተምኩላቸው፤ ብር የያዘ ወረቀት በደንብ ከታጠበ ከቀለም ይልቅ ይቆያል። የድሮውን ማኅተም ቃል በቃል ጀርባው ላይ ገለበጥኩ፣ ያነሳው ያ ቤት ነውና። ከሥሩ ያተምኩበትን ቀን ጻፍኩ። የሰዎቹን ስም ስጠይቃቸው "የእሱን ብቻ ጻፍ፣ እኔማ አለሁ" አሉኝ። የሁለቱንም ጻፍኩ።