ከዳንቴሉ ሥር ያለው ፊሊፕስ

በጎንደር አሮጌ ቤቶች፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ የእንጨት ሣጥን ካያችሁ ዳንቴሉን ቀስ አድርጋችሁ አንሡት። ባለ ቫልቭ ሬዲዮ ሊሆን ይችላል። የፊሊፕስ ስም ካለበት፣ የኩባንያው አገር ሆላንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1891 አይንድሆቨን ከተማ ውስጥ አምፖል ለመሥራት ተቋቁሞ በ1927 ሬዲዮ ማምረት ጀመረ። ቫልቭም ቢሆን የአምፖል ዘመድ ነው፤ አየሩ ወጥቶለት ውስጡ ክር የሚግልበት ብርጭቆ።

ሲከፈት ወዲያው አይናገርም። ክሩ እስኪግል ዝም ይላል፤ ከዚያ የሞቀ እንጨትና አቧራ መሽተት ይጀምራል። በደህናዎቹ ላይ አረንጓዴ «ዓይን» አለች፤ ጣቢያው በትክክል ሲያዝ ጥላዋ እየጠበበ ይሄዳል። አጭር ሞገድ ከላይኛው አየር ነጥሮ ስለሚመለስ የሰሜን ተራሮች አያግዱትም። ዳባትና ደባርቅ ሆኖ የሩቅ አገር ወሬ መስማት የተቻለው በዚህ ነው። ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. በብሥራተ ወንጌል ስም ከአዲስ አበባ ይሠራጭ የነበረው ጣቢያም በአጭር ሞገድ ነበር የሚሰማው።

አሁን ጀርባውን አዙሩት። እዚያ የተጻፈው ቁጥር የልደት ወረቀቱ ነው። «ቢ ኤክስ 594 ኤ» ቢል፣ ቢ የጠረጴዛ ሬዲዮ፣ ኤክስ የሆላንድ ሥራ፣ 5 ደረጃው፣ 9 ደግሞ 1949 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። ኤክስ በኤፍ ከተተካ ፈረንሳይ፣ በዲ ከተተካ ጀርመን ነው የተሠራው። መጨረሻው ቢ ከሆነ በባትሪ ይሠራል፤ መብራት ላልገባበት ገጠር የሚሆነው እሱ ነበር።

አደራ፣ ዘመናት ያረፈውን ሬዲዮ በቀጥታ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። ያረጁ ካፓሲተሮች ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥሉ ይችላሉ፤ መጨረሻው ዩ በሆነው ደግሞ የውስጡ ብረት ራሱ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ስለሚችል ሰው ይገድላል። ቀድሞ ባለሙያ ይየው።

እኔ ግን ከጥገናው ይልቅ መዝገቡ ያሳስበኛል። ቁጥሩ ዓመቱን እንጂ ማን እንደገዛው፣ ከየት በምን ተጭኖ እንደመጣ፣ ማታ ማታ የትኞቹ ጎረቤቶች ተሰብስበው ይሰሙት እንደነበር አይነግረንም። ፎቶውን አንሡ፣ ቁጥሩን ጻፉ፣ ከጎኑም ይህን ታሪክ አስፍሩ። ሬዲዮው ቤት የገባበትን ቀን የሚያስታውሱ አያት ካሉ እሳቸውን ዛሬውኑ ጠይቁ።