የርኅራኄ ትራስ

ከከባድ አደጋ ወይም ከረጅም ደዌ ተርፎ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍላችን በሚመጣ ሰው ላይ፣ ከሥጋው ጉዳት አስቀድሞ የሚታየው በገዛ አካሉ ላይ የነበረውን እምነት ማጣቱ ነው። እግሩ ይሸከመው እንደ ሆነ፣ እጁ ይጨብጥለት እንደ ሆነ አያውቅም፤ ባለማወቁም ይፈራል፤ ሲፈራ አይንቀሳቀስም፤ ባልተንቀሳቀሰ ቁጥር ደግሞ ጡንቻው እየሟሸሸ፣ መገጣጠሚያውም እየደረቀ ሄዶ ፍርሃቱን እውነት ያደርግለታል። ይህን አዙሪት በምክር ብቻ ሊሰብሩት የሚደክሙ ደጋግ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የንስሐ አባቶች በየቀኑ ይመጣሉ፤ ቃላቸውም ላዘነ ልብ መጽናኛ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በራስ መተማመን ከሌላ ሰው አፍ ወጥቶ በጆሮ የሚገባ ነገር ሆኖ አላገኘሁትም፤ ሰውዬው ትናንት ያቃተውን ዛሬ ራሱ ሲያደርገው፣ ማድረጉንም በዐይኑ ሲያይ ብቻ ቀስ በቀስ የሚደረጅ ነው። አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ከመተማመን ምንጮች ሁሉ የሚበልጠው ሠርቶ መገኘት መሆኑን አስረድቷል፤ በሕሙማን አልጋ አጠገብ የዋለ ሰው ግን ጽሑፉን ሳያነብም ይደርስበታል።

ባለፈው ክረምት አንድ እግሩን ከጉልበቱ በታች ያጣ የጭነት መኪና ረዳት ወደ እኛ መጣ። እናቱ ከጎኑ አይለዩም ነበር፤ በተኛበትም ሁሉ ከተቆረጠው እግሩ ጉልበት ሥር ለስላሳ ትራስ ያደርጉለታል። ትራሱ ከርኅራኄ የመጣ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሆኖም ጉልበት ለሳምንታት ታጥፎ የሰነበተ እንደ ሆነ ከኋላው ያለው ጡንቻና ጅማት አጥሮ ስለሚቀር፣ ኋላ ሰው ሠራሽ እግር ቢሠራለት እንኳ ባለቤቱ ቀጥ ብሎ ሊቆምበት አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዬ እናቲቱን አሳምኖ ትራሱን ማስነሣት፣ ሁለተኛውም ልጁ በየቀኑ ጥቂት ጊዜ በሆዱ ተኝቶ ዳሌውን እንዲዘረጋ ማድረግ ሆነ። «የታመመ ልጅ በደረቱ ይተኛል?» ብለው እንደ ጨካኝ ተመለከቱኝ፤ እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ሙያ ጨካኝ መባል ከደመወዙ ጋራ የሚመጣ ነገር ነው።

ረዳትነት እንደሚታወቀው የጉልበት ሥራ ነው። ልጁም አንድ ኩንታል እህል በትከሻው ይዞ መኪና ላይ የሚወጣ፣ ሸራ ጎትቶ ገመድ የሚያጠብቅ ሰው ነበርና፣ በጭኑ ላይ እንዲያስረው አንድ ኪሎ አሸዋ የያዘ ከረጢት በሰጠሁት ጊዜ «ይህማ የሕፃን መጫወቻ ነው» ብሎ ሣቀብኝ። በጎኑ ተኝቶ እግሩን ወደ ላይ እንዲያነሣ ባዘዝሁት ጊዜ ግን ከረጢቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ተንቀጠቀጠና ተመልሶ ወደቀ። ሣቁ ቀረ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቱ ሊያባብሉት ሲነሡ በእጄ ምልክት ከለከልኋቸውና ደብተርና እርሳስ ሰጥቼው ያነሣውን ያህል በገዛ እጁ እንዲጽፍ ነገርሁት። ደብተሩን እኔ ብይዘው ኖሮ ምስክርነቱ የእኔ ይሆን ነበር፤ እኔን ደግሞ ከደግነት የተነሣ ይዋሻል ብሎ ሊጠረጥረኝ ይችላል፤ የራሱን የእጅ ጽሕፈት ግን ማንም አይጠረጥርም።

ሰውነት በዚህ ረገድ ቸር ነው። ልምምድ በተጀመረባቸው ሳምንታት የሚታየው የኃይል ጭማሪ በአብዛኛው ጡንቻው ገና ሳይወፍር የሚመጣ ሲሆን፣ ምክንያቱም አንጎልና ነርቭ ቀድሞም የነበሩትን የጡንቻ ክሮች በአንድነት ጠርተው ማሠራትን ስለሚማሩ ነው። ስለዚህ በልጁ ደብተር ላይ ቁጥሩ እያደገ ሲሄድ የጭኑ ዙሪያ ግን በሜትር ሲለካ ከነበረበት አልተነቃነቀም፤ እርሱም «ሜትሩ ይዋሻል» ብሎ ተከራከረኝ። ክርክሩ ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ በራሱ ተስፋ የቆረጠ ሰው ከሜትር ጋራ አይጣላምና።

በጥቅምት ወር ታላቅ ወንድሙ እንደ ልማዱ ከደረጃው ሥር አቅፎ ሊያወጣው ሲጎነበስ «ክራንቼን ያዝልኝ፣ እኔን ተወኝ» አለውና የደረጃውን ብረት ጨብጦ ጤነኛውን እግሩን አስቀድሞ አንድ አንድ እያለ ወጣ። ወንድምየው ከፊት ቆሞ እጁን ሊዘረጋለት ሲል ከኋላው፣ ከበታቹ እንዲቆም ነገርሁት፤ ደረጃ የሚወጣ ሰው ቢወድቅ ወደ ታች ነውና የሚወድቀው፣ ረዳትም መገኘት የሚገባው ከዚያ ነው።

ይህን መሰል ሰው ለማበርታት የሻምበል አበበ ቢቂላን ስም የሚጠሩ ብዙዎች ናቸው፤ አጠራሩ ግን ብዙ ጊዜ አይጥመኝም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ማራቶንን ማሸነፉ፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ድሉን መድገሙ ሁሉ የሚያውቀው ነው። እግሩን ትናንት ላጣ ሰው ግን የሯጭ ድል መንገር መጽናኛው ከቶ አይገባኝም። ለእኛ ሙያ የሚጠቅመው የታሪኩ ክፍል በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ኅብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ በኋላ ያለው ነው። ለሕክምና የተላከው በእንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሲሆን፣ በዚያ ሥፍራ ከናዚዎች ሸሽቶ የመጣው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በ1936 ዓ.ም. የኅብለ ሰረሰር ሕሙማን ማእከል አቋቁሞ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያሉ ሕሙማን በአልጋ ቁስልና በሽንት መንገድ ልክፍት በወራት ውስጥ የሚሞቱ፣ ሐኪሞችም እጃቸውን የሚያነሡባቸው ነበሩ። ጉትማን በየሁለት ሰዓቱ እንዲገለበጡ አዘዘ፤ ቁስላቸው ሲደርቅም በማዘን አልተዋቸውም፣ ቀስት አስያዛቸው እንጂ። ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 ሕሙማንን በሆስፒታሉ ሜዳ ላይ በቀስት አወዳደረ። የቀስት ጨዋታ ትከሻንና ክንድን ያጠነክራል፣ ተቀምጦም ሚዛንን መጠበቅ ያስተምራል፤ ደግሞም በተሽከርካሪ ወንበር ያለው ከቆመው ጋራ እኩል የሚወዳደርበት ነው።

አበበም በ1962 ዓ.ም. በዚያው በስቶክ ማንደቪል ጨዋታ ቀስት ይዞ ተሰለፈ፤ በማግሥቱ ዓመት በኖርዌይ ውሾች በበረዶ ላይ በሚጎትቱት ሸርተቴ ተወዳድሮ አሸነፈ። እስካረፈበት እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ በእግሩ አልሄደም። ልምምዱ እግሩን አልመለሰለትም፤ ተጋዳይነቱን ግን አቆየለት፤ ለሕሙማኖቼ የምናገረውም ይህንኑ ነው። (በነገራችን ላይ፣ አበበ በሮም ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ በዚያችው ከተማ ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል አካል ጉዳተኞች የጉትማንን ጨዋታ ጀምረው ነበር፤ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የሚባለውም ያ ነው።)

ልምምድ ኀዘንን ይሽራል፣ የቤት ኪራይ ይከፍላል የሚል ሰው ቢኖር አላምነውም። የጂም ቤት ግድግዳ ላይ የሚጻፉትን ፉከራዎችም አልወድም፤ የሰው አቅም ወሰን የለውም የሚለውን የሚጽፉት ወሰናቸው ያልተነካባቸው ናቸው።

አሁን ከምንረዳቸው መካከል በስትሮክ ቀኝ ጎናቸው የደከመ አንድ እናት አሉ። ልጆቻቸውና ምራቶቻቸው አንዱ ጫማ ሲያደርግላቸው ሌላው ሲያጎርሳቸው ይውላሉ። በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ የመጻጉዕ ሰንበት ባለፈ ማግሥት፣ «መጻጉዕ ያዘነው ሰው አጥቶ ነው፤ እኔ ግን ሰው በዛብኝ» አሉኝና በሰሙነ ሕማማት እንደ ወትሮዬ ልስገድ አሉ። የንስሐ አባታቸው ተቀምጠው እንዲጸልዩ ፈቅደውላቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ፈቃዱን እንጂ መቀመጡን አልተቀበሉትም። ስለዚህ የደም ግፊታቸውን እየለካን ከወለል መነሣትን እንለማመዳለን፤ በግራ እጅ ወንበሩን ይዘው መንበርከክ፣ ደኅናውን እግር ወደ ፊት አምጥቶ መርገጥ፣ ከዚያ መግፋት። የቀኝ ጉልበታቸው ገና ይከዳቸዋልና በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚደገፉበት ምሰሶ አጠገብ ቦታ እንዲይዙ መከርኋቸው። «ልጄ፣ የምሰሶውን ሥር ጤነኞቹ ሌሊት መጥተው ይይዙታል» አሉኝ።