ያውቁ ኖሯል? ዶልፊን ፈላጊው መርማሪና ያስከተለው ነቀፌታ

እ.ኤ.አ. በ1994 የታየው፣ የማያሚን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የተሰረቀ ዶልፊን የሚፈልግ የእንስሳት መርማሪ ታሪክ የሆነው «ኤስ ቬንቱራ» የተሰኘው ፊልም፣ ተዋናዩ ጂም ኬሪ በፖሊስ ጣቢያ ጎንበስ ብሎ መቀመጫውን በእጆቹ እየከፈተና እየዘጋ እንደ አፍ የሚያናግርበትን የመሰለ ጸያፍ ትርኢት የሞላበት በመሆኑ አብዛኞቹ ሐያስያን ቢያወግዙትም፣ ለሆሊዉድ ልማድ ጥቂት በሚባል 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ከ100 ሚሊዮን በላይ ማስገባቱን ያውቁ ኖሯል? የመቀመጫው ነገርስ ይሁን፣ ሳቅ ነው፤ የከፋው ግን ፍጻሜው ነው። ወንጀለኛዋ የፖሊስ ሹም ቀድሞ ወንድ እንደ ነበረች ልብሷ በአደባባይ ተገፎ ሲገለጥ፣ በዙሪያዋ የቆሙት ፖሊሶች በመጸየፍ ምራቃቸውን ይተፋሉ፤ ይህም በጊዜው ብዙው ተመልካች በሳቅ ያለፈው ትርኢት፣ ከዓመታት በኋላ ጾታቸውን የለወጡ ሰዎችን ክብረ ሰብእ ያዋረደ ነው ተብሎ ብርቱ ነቀፌታ አስነሥቶበታል።