የምድር ሞገድ ፍጥነትና የከርሰ ምድር ካርታ

በመርካቶ እንስራ ወይም ጀበና የሚገዛ ሰው ሸክላውን በጣቱ ኳኳ አድርጎ ድምፁን ሳይሰማ ዋጋውን አይከፍልም፤ ድምፁ ከደነዘዘ ስንጥቅ አለበትና ይተወዋል። የከርሰ ምድር መርማሪዎች ጥበብም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ምድር ስትናወጥ፥ ወይም እነርሱ ራሳቸው ፈንጂ ቀብረው ሲያፈነዱ፥ ሞገዱ በጽኑ ዐለት ውስጥ ፈጥኖ፥ በላላ አፈርና በጋለ ዐለት ውስጥ ዘግይቶ ይሄዳል። በየስፍራው በተተከሉት መሣሪያዎች ዘንድ የደረሰበት ሰዓት ተጽፎ ሲተያይ፥ ማንም ቆፍሮ የማይደርስበት ጥልቀት በፍጥነቱ ልክ ይሣላል።

በአገራችን ከዚህ ሥራ ታላቁ የተፈጸመው በጥር ወር 1995 ዓ.ም. ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋራ፥ ኢግል በተባለው ምርመራ፥ በስምጥ ሸለቆው ርዝመትና በአግድሙ መሣሪያ አሰለፉ። በዚህም የምድር ቅርፊት ውፍረት በሸለቆው ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ወደ አፋር ሲቀርቡ እስከ 26 ኪሎ ሜትር እንደሚሳሳ ታወቀ። በእሳተ ገሞራዎቹ ሥር ደግሞ ሞገዱ ከዙሪያው ይልቅ ፈጥኖ ተገኘ፤ ይኸውም ከታች ቀልጦ ወጥቶ የረጋ ከባድ ዐለት መኖሩን ያመለክታል።

ይህ ለሊቃውንት ብቻ የሚጠቅም ነገር የሚመስለው ሹም ቢኖር የሚከተለውን ሒሳብ ይመልከት። የምድር መናወጥ ፈጣንና ዘገምተኛ ሁለት ሞገድ ይልካል። በአዲስ አበባ ባለ መሣሪያ ላይ ፈጣኑ ሞገድ ሁለተኛውን በ15 ሰከንድ ቀደመው እንበል። ፍጥነታቸው በሰከንድ 6 እና 3.5 ኪሎ ሜትር ከሆነ፥ መነሻው 126 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ 5.5 እና 3.2 ከሆነ ግን 115 ብቻ ነው። ልዩነቱ 11 ኪሎ ሜትር፥ ከፈንታሌ ተራራ እስከ መተሐራ ከተማ ካለው ርቀት ይበልጣል። በ2017 ዓ.ም. በዚያው በፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ በተናወጠች ጊዜ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቆ ነበርና፥ የትኛው መንደር ይነሣ፥ የትኛው ይቆይ ለሚል ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ያን ጊዜ ንውጽውጽታው በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ ተሰምቷል። በመርካቶም የቆርቆሮ ሱቅ በፎቅ እየተተካ ነው፤ የላላ አፈርም መናወጡን ያጎላዋል። ስለዚህ ጥልቁን ብቻ ሳይሆን የላይኛውን 30 ሜትር ፍጥነት መለካት ያስፈልጋል። ለዚህ ፈንጂ አያሻም፤ በምድር ላይ የተነጠፈ ብረት በከባድ መዶሻ መምታት ይበቃል። የጉድጓድ ውሃ ፈላጊዎችም የዐለቱን ጥልቀት በዚሁ ዘዴ ይለያሉ።

እንዲህ ያሉ መርማሪዎች ወደ ወረዳ ሲመጡ ባለ እርሻው አስቀድሞ ይነገረው፤ የተቀበረውንም መሣሪያ እረኛ እንዳይነቅለው ይጠበቅ፤ አንዱ ቢጠፋ በካርታው ላይ ያ ስፍራ ባዶ ይቀራልና።